እንዶድ በቀዝቃዛ ውሃ፣ እንዶድ በፈላ ውሃ፦ የሳይንስ ክበባችን የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 7

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ ተወሰነ፤ እንዶድ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ያቀረቡት ዝርዝር ረጅም ነበር። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ግራዋ፣ ፌጦ፣ በየቤቱ ያለው መድኃኒት ሁሉ ተደርድሯል። ዳማከሴ ምች ያድናል ወይ ብሎ ለመመርመር ግን ታማሚ ያስፈልጋል፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሐኪም ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ያለው አንድ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት ባልዲና ብዙ ጉጉት ነው። እንዶድ በሰው ላይ ሳይሆን በቀንድ አውጣ ላይ ስለሚፈተን ከአቅማችን ጋር ይገጥማል።

እንዶድ ቀንድ አውጣ መግደሉን ለማረጋገጥ አይደለም የተነሣነው። እሱ ከተመለሰ ቆይቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከላይ በኩል፣ አረፋው ካልደረሰበት ውሃ፣ በሕይወት ያሉትን አስለቅመው አንዲቷን አጣቢ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ እዚያው አድዋ ለዓመታት በተካሄደው ሥራ፣ ቀንድ አውጣ የሚያስተላልፈው የቢልሃርዚያ (የደም ሥር ትል በሽታ) ሥርጭት በትንንሽ ሕፃናት ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ለዚህ ሥራ እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል።

የእኛ ጥያቄ አዘገጃጀቱ ላይ ነው። ያው ፍሬ፣ ያው ሚዛን፣ ያው ውሃ ሆኖ በቀዝቃዛ ሲዘፈዘፍና በፈላ ውሃ ሲነከር ኃይሉ እኩል ነው ወይ? ስለ ባህል መድኃኒት ሲወራ የተክሉ ስም ይጠራል፣ የሚያድነው በሽታ ይጠራል፤ እንዴት እንደተሰናዳ ሲሆን ግን ወሬው ያጥራል። ከተጣላሁበት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ "ቅድመ አያቶቻችን ያውቁታል" የሚለውም፣ "የመሃይም ነገር ነው" የሚለውም አዘገጃጀቱን ሳይጠይቅ ነው የሚፈርደው።

ጥቅምት 11

ከኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ ወደ ቦርከና ከሚገቡት ጅረቶች አንዱ ጋ ወረድን። ክረምቱ ሲያበቃ ጎርፉ ይቀንሳል፣ ውሃው ይጠራል፣ ቀንድ አውጣውም ዳር ዳሩን ባለው ሣር ላይ መራባት ይጀምራል። ልጆቹ ከደረቁ መሬት እንዳያልፉ ተነገራቸው። ውሃው ውስጥ የገባሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቦቲ ጫማ እስከ ጉልበት፣ ረጅም የጎማ ጓንት እስከ ክርን። ይህ ጥንቃቄ ለታይታ አይደለም። የቢልሃርዚያ እንቁላል ከታማሚ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ተባዝቶ በሌላ መልኩ ይወጣና የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል።

የምንፈልገው ባዮምፋላሪያ የተባለውን ዝርያ ነው። ቅርፊቱ ወደ ላይ አይሾልም፤ መሬት ላይ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዞራል። እዚያው ድንጋይ ላይ ሾጠጥ ያለ ቅርፊት ያላቸውም ነበሩ፤ እነሱ የከብትና የበግ ጉበት ትል የሚያስተላልፉት ወገኖች ስለሆኑ ተተዉ። ሣሩን በብረት ወንፊት እየመታሁ የወደቁትን በባልዲ ሰበሰብኩ።

ትምህርት ቤት እንደ ደረስን ጥቂቶቹን በየብርጭቆው ለየብቻ አድርገን የቀትር ፀሐይ ላይ አስቀመጥናቸው። የቢልሃርዚያው እጭ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ብርሃን ሲያገኝ ነው። ከአንዱ ብርጭቆ አንድ ጠብታ በጓንት አንሥቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ጅራታቸው ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ደቃቅ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ለቢልሃርዚያ ዋናው መጠርጠሪያ ይህ የተሰነጠቀ ጅራት ነው። ልጆቹ ተራ በተራ አዩ። ከመካከላቸው አንዱ በየቅዳሜው እዚያ ጅረት እንደሚዋኝ ሁላችንም እናውቃለን፤ ካየ በኋላ ምንም ሳይናገር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲመረመር ከእናቱ ጋር ተነጋግሬያለሁ።

ስለዚህ ከወንዝ የመጡትን ቀንድ አውጣዎች ልጆቹ በእጃቸው አይነኳቸውም። የምንፈትነው የቀንድ አውጣዎቹን ግልገሎች ነው። ኢንፌክሽኑ በእንቁላል አይተላለፍም፤ ንጹሕ ውሃ ውስጥ የተፈለፈለ ቀንድ አውጣ ንጹሕ ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ቀንድ አውጣ ወንድም ሴትም ስለሆነ አንዱ ብቻውን እንኳ ይራባል።

ጥቅምት 19

እንቁላል አለ። ባልዲው ግድግዳ ላይና በተንሳፈፈችው ፌስታል ሥር፣ ጥፍር የምታህል ጥርት ያለ ሙጫ ተለጥፋለች፤ ውስጧ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ አንዳንዶቹ መዞር ጀምረዋል። ሙጫዎቹን በምላጭ እየላጥን ወደ አዲስ ባልዲ አዛወርን። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አፈ ሰፊ ሳፋ ላይ አንድ ሌሊት እያደረ ነው የሚጨመረው። ከወንዝ የመጡት ወላጅ ቀንድ አውጣዎች በበረኪና ተዘፍዝፈው አድረው ተቀበሩ።

ምግባቸው የተቀቀለ ሰላጣ ነው። ከካፍቴሪያ ትራፊ ሰላጣ ስለምንጠይቅ ሠራተኞቹ "ለቀንድ አውጣው" እያሉ ለብቻ ያስቀምጡልናል።

ኅዳር 9

ገበያ ሄድኩ፤ እንዶድ ለመግዛት ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅም። እንዶድ የሚሸጡ ሰዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው፤ ሳሙና ረክሷል ማለት ባይቻልም በየሱቁ አለ። ሆኖም ሸማ የሚያውቁ ሴቶች ነጠላና ጋቢ በሳሙና አያጥቡም፤ እንዶድ ነጩን ነጭ አድርጎ ያቆየዋል ይላሉ። በዕድሜ የገፉ ሴት አንድ ቁና የማይሞላ ደረቅ ፍሬ ጆንያ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

"እማማ፣ እንዴት ነው የሚዘፈዘፈው?" አልኳቸው።

"ትወቅጠዋለህ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታሳድረዋለህ፣ ጠዋት ታሸዋለህ። ሌላ ምን አለው?"

"በፈላ ውሃ ቢሆንስ? ቶሎ አይደርስም?"

ቀና ብለው አዩኝ። "እንጨት ተርፎን ነው ለልብስ ውሃ የምናፈላው?"

ይህን መልስ እንዳለ ጻፍኩት። አዘገጃጀቱን ሳመሰግን ምክንያቱን ከራሴ እንዳልጨምርላቸው ይጠቅመኛል። በቀዝቃዛ የሚዘፈዝፉት ኬሚስትሪ አውቀው ላይሆን ይችላል፤ ማገዶ ውድ ስለሆነ ነው። ልማድ ትክክል የሚሆንበት ምክንያትና ሰው ልማዱን የያዘበት ምክንያት አንድ ላይ መሆን የለባቸውም።

ከእርሳቸው ገዛሁ፤ ግን ለፈተናው የሚሆነው ይህ አይደለም። መቼ እንደተለቀመ፣ ከስንት ቁጥቋጦ እንደተቀላቀለ አይታወቅም። እንዶድ ከተክል ተክል ኃይሉ ይለያያል። ዶክተር ለገሠና ባልደረቦቻቸው ብዙ ዓይነት ሰብስበው አነጻጽረው 44 ቁጥር የተባለውን የመረጡት ለዚህ ነው። እኛ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አጥሩ ላይ የሚሳበውን አንድ ተክል ብቻ እንጠቀማለን። እንዶድ ወንድና ሴት ተክሉ ለየብቻ ነው፤ የእኛይቱ ሴት ናት፣ ፍሬ ትይዛለች።

ኅዳር 24

ፍሬው ደረሰ፤ ማለትም አልቀላም። የሚፈለገው አረንጓዴ ሆኖ ሙሉ መጠኑን የያዘው ነው፤ ሲቀላ ኃይሉ ይቀንሳል። ልጆቹ ዘለላውን በመቀስ እየቆረጡ፣ ጥቂት ዘለላ ደግሞ እስኪቀላ ድረስ ቀይ ክር ታስሮበት ተክሉ ላይ ቀረ። የተቆረጠው ጥላ ውስጥ ሰሌን ላይ ተሰጣ።

ታኅሣሥ 3

መውቀጥ። የቤት ሙቀጫ ተሰጠን፤ ያመጣችው ተማሪ እናቷ "ከዚህ በኋላ በርበሬ አልወቅጥበትም፣ ተለዋጭ ትገዙልኛላችሁ" ብለው ነው የለቀቁላት። ትክክል ናቸው፤ ሙቀጫው የእንዶድ ሆኖ ይቀራል።

ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነናል፣ ዓይን መከላከያም አድርገናል። የእንዶድ ዱቄት ብን ሲል የአፍንጫን ቆዳ ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳብጣል። ይህ ራሱ ትምህርት ነው፤ የቀንድ አውጣን ሕዋስ የሚቦድሰው ነገር የእኛንም ልስልስ አካል አያዝንለትም። ሙሉ ነፋስ ያለበት በረንዳ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርገን ወቀጥን፣ በሻይ ማጥለያ ነፋን።

የትምህርት ቤታችን ሚዛን አንድ ግራም አይለይም። ስለዚህ ዱቄቱን በጠርሙስ ይዤ ወደ ወርቅ ሠሪ ሄድኩ። ሰውየው መጀመሪያ ምን እንደሆነ ሲያይ ሚዛኑን ሊከለክለኝ ነበር፤ በወረቀት ላይ አድርጌ እንደማስመዝን ስነግረው ተስማማ። አንድ አንድ ግራም እየለካ በወረቀት ጠቀለለልን። ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ ውጤቱን ንገሩኝ አለ።

ታኅሣሥ 11

ቀንድ አውጣዎቹ የአተር ፍሬ ያህል ሆነዋል። እኩያ የሆኑትን መረጥን።

ስሌቱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ልጆቹ ሠሩት። አንድ ግራም ዱቄት በአንድ ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ሚሊግራም አለ። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር በስሪንጅ ተስቦ ግማሽ ሊትር እስኪሞላ ውሃ ሲጨመርበት፣ 20 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። እጥፉን ስንወስድ 40፣ ግማሹን ስንወስድ 10፣ የግማሹን ግማሽ ስንወስድ 5። በየዕቃው አሥር አሥር ቀንድ አውጣ። አንዱ ዕቃ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይገባል፤ ማመሳከሪያችን እሱ ነው። እሱ ውስጥ ያሉት ከሞቱ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ዕቃዎቹ ላይ ቀጭን ጨርቅ በላስቲክ ታሰረ። ቀንድ አውጣ ውሃው ካልተስማማው ግድግዳውን ተሳቦ ይወጣል፤ ከመርዙ ውጭ ሆኖ ሌሊቱን ካሳለፈ "እንዶድ አልገደለውም" ብለን እንጽፋለን።

ታኅሣሥ 12

ሃያ አራት ሰዓት ሞላ። በቀዝቃዛ ውሃ ያደረው እንዶድ 40 ላይ ሁሉንም ጣለ። ዕቃው ታች ላይ ተዘርረዋል፣ ከአንዳንዶቹ ቅርፊት ቀይ ፈሳሽ ወጥቶ ውሃውን አቅልሞታል። የባዮምፋላሪያ ደም እንደ እኛው ሄሞግሎቢን አለው፤ ቀይ ነው። አንዲት ተማሪ አፏን ይዛ "ደም ነው እንዴ?" አለች። ደም ነው። ሳፖኒን የተባለው፣ እንዶድን አረፋ የሚያስወጣው ንጥረ ነገር የሕዋሱን ቆዳ ሲበሳው የሚፈሰው እሱ ነው።

20 ላይ አብዛኞቹ አይንቀሳቀሱም። 10 ላይ ጥቂቶቹ ወደ ቅርፊታቸው ገብተው ተሸሽገዋል፣ ሌሎቹ ይሄዳሉ። 5 ላይና ንጹሕ ውሃው ላይ ሁሉም ጤነኛ ናቸው፤ ሰላጣ እየበሉ ነው።

ውጤት ተብሎ አልተጻፈም። የተሸሸገ ቀንድ አውጣ የሞተ ይመስላል። ሁሉም በንጹሕ ውሃ ታጥበው ሌላ ሃያ አራት ሰዓት ማገገሚያ ይሰጣቸዋል።

ታኅሣሥ 13

ከተሸሸጉት መካከል ከ10 ሚሊግራሙ የነበሩት ሁሉም ወጡ፣ ቀንዳቸውን ዘረጉ። ከ20ው ሁለት ተነሡ፣ የቀሩት አልተነሡም። ቀረብ ብለን በመርፌ ጫፍ እግራቸውን ነካን፤ አይሸሹም። በአጉሊ መነጽር ብርሃን ከኋላ አድርገን ቅርፊቱን ስናይ ልቡ የሚመታበት ቦታ ጸጥ ብሏል። የ40ው ሁሉም ሞተዋል። እንግዲህ የእኛ ተክል በዚህ አዘገጃጀት ከ20 እስከ 40 ባለው መካከል ሙሉ በሙሉ ይገድላል። ከተመረጡት ዓይነቶች ይደክማል፣ ግን የአጥር ተክል ነው፣ አይፈረድበትም።

ታኅሣሥ 20

ዛሬ ዋናው ፈተና ተጀመረ። ከወርቅ ሠሪው ጥቅል ሁለት አወጣን። አንደኛው ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ማታ ተዘፈዘፈ። ሁለተኛው ግን ጠዋት፣ እየፈላ ባለ አንድ ሊትር ውሃ ላይ በአንድ ጊዜ ተገለበጠና ሩብ ሰዓት ያህል ፈላ። የተነነውን በንጹሕ ውሃ ሞላን። ሁለቱም ከቀዘቀዙ በኋላ በነጭ ጨርቅ ተጠለሉ። መልካቸውን ማንም አይለይም። ሁለቱንም በጠርሙስ ስንንጣቸው አረፋ አወጡ፤ የፈላው ትንሽ ቀነስ ያለ ይመስላል እንጂ አረፋ አለ። አንዱ ልጅ "አረፋ ካለ ኃይል አለ" ብሎ ከጓደኛው ጋር በሻይ ተወራርዷል።

ታኅሣሥ 22

ሻዩን የሚጋብዘው እሱ ነው።

በቀዝቃዛው 40 ላይ እንደ ቀድሞው ሁሉም ሞቱ። በፈላው 40 ላይ አንድ ብቻ ሞተ፤ ዘጠኙ ከማገገሚያ በፊት ጀምሮ ግድግዳው ላይ ይሄዳሉ። ያው ተክል፣ ያው ዘለላ፣ ያው ሚዛን። ልጆቹ ጥቅሎቹ ተቀያይረው ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። ጥርጣሬውን ወደድኩት፤ በሌላ ጥቅል ደገምነው። ያው ሆነ።

ይህ የሆነበት ምክንያት በኬሚስቶች ዘንድ ተጠንቷል፣ ልጆቹ እጃቸው ካየው በኋላ ስነግራቸው ለመስማት ጆሯቸው ተከፍቶ ነበር። ሳፖኒኑ ፍሬው ውስጥ ተኝቶ ሳለ በሁለት ቦታ የስኳር ሰንሰለት ተያይዞበታል። በዚህ መልኩ ቀንድ አውጣን ብዙም አይጎዳም። ፍሬው ሲቀጠቀጥና ውሃ ሲያገኝ፣ እዚያው ፍሬ ውስጥ የነበረ ኢንዛይም ከሁለቱ ሰንሰለቶች አንዱን ይቆርጣል። የቀረው አንድ ሰንሰለት ያለው ሳፖኒን ነው ገዳዩ፤ ከእነዚህ አንዱ በዶክተር አክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተብሏል። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ሥራውን ሳይጀምር ያበላሸዋል። ሰንሰለቱ ሳይቆረጥ ይቀራል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ብዛቱ ባይቀንስም ሥራ የማይሠራው ዓይነት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ይበልጥ ያስገርመኛል። ብዙ ቤተ ሙከራዎች የባህል መድኃኒት ሲመረምሩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ዱቄቱን ሜታኖል በተባለ የአልኮል ዓይነት መዘፍዘፍ ነው፤ ብዙ ነገር ስለሚያወጣ። እንዶድ ላይ ይህ ቢደረግ አልኮሉ ኢንዛይሙን ስለሚያስቆመው የሚገኘው ሁለት ሰንሰለት ያለው ደካማው ነው። አንድ ጠንቃቃ ሰው ንጹሕ ዕቃ ይዞ፣ ትክክለኛ ሚዛን ይዞ፣ "እንዶድ ኃይል የለውም" ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ወንዝ ዳር ያለችው አጣቢ ግን በባልዲ ውሃ ታገኘዋለች። አንድ ተክል "ተፈትኖ ወደቀ" ሲባል አሁን የመጀመሪያው ጥያቄዬ በምን ተዘፍዝፎ የሚል ነው። የሴትዮዋ ማገዶ ትዝ አለኝ።

ታኅሣሥ 28

አንዲት ተማሪ ጥሩ ነገር አነሣች፦ ሙቀቱ የሚያበላሸው ኢንዛይሙን ነው ወይስ ገዳዩን ራሱን? ካልተለየ ነገሩ አልተረጋገጠም። እኔ ሳልጠይቅ መጣ፤ ስለዚህ ፈተናውንም እሷ አሰናዳችው። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ አደረ፣ ጠዋት ያ ውሃ ሩብ ሰዓት ፈላ፣ ቀዘቀዘ፣ ተጠለለ።

40 ላይ ሁሉም ሞቱ። ኢንዛይሙ ሌሊቱን ሥራውን ጨርሶ ስለነበር፣ የተሠራው ገዳይ ነገር እሳቱን ቻለው። ቅደም ተከተሉ ነው ጉዳዩ፤ መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ከዚያ ቢፈላም አይጎዳም።

ጥር 8

በክር ታስሮ የቀረው ዘለላ ቀልቶ፣ ደርቆ፣ ተወቅጦ ተፈተነ። በቀዝቃዛ ውሃ አድሮም 40 ላይ ግማሾቹ ተርፈዋል። የገበያውም ፍሬ ተፈትኗል፤ ከቀዩ ይሻላል፣ ከአረንጓዴያችን ያንሳል። ብዙ የምጽፍለት የለም።

ጥር 14

ያልጠበቅነው እንግዳ። የአንድ ተማሪያችን አባት ከትምህርት ሰዓት በኋላ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"መምህር፣ ያ የሚወቅጡት እንዶድ የቢልሃርዚያ መድኃኒት ነው አሉ። ታናሽየው ልጄ ሆዱን ያመዋል፣ ደም ይቀላቅላል። ትንሽ ዱቄት ይስጡኝ፣ በማር አድርጌ እሰጠዋለሁ።"

ወንበር አቀረብኩላቸው። "ጋሼ፣ ይህ የሚገድለው ውሃ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ነው። የልጁ ትል ያለው በአንጀቱ ዙሪያ ባለው የደም ሥር ውስጥ ነው። እንዶዱ እዚያ አይደርስለትም፤ ከመድረሱ በፊት አንጀቱን ይጎዳዋል።"

"አያቶቻችን ለስንት ነገር ጠጥተውታል።"

"ጠጥተውታል። የሞቱበትም አሉ፣ በተለይ ሴቶች።" ይህን ያወቁት መሰለኝ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። ጤና ጣቢያ ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን እንዳለ፣ በክብደቱ ለክተው እንደሚሰጡት ነገርኳቸው። በማግስቱ ወሰዱት።

በዚያው ሳምንት ለክበቡ አንድ ሕግ ወጣ። ዱቄቱ በቁልፍ ይቀመጣል፣ ጠርሙሶቹ ላይ "መርዝ፣ አይጠጣም" ይጻፋል፣ ከትምህርት ቤት አይወጣም። ልጆቹ ቤታቸው ሲያወሩም "የቢልሃርዚያ መድኃኒት" አይሉም፤ "የቀንድ አውጣ መግደያ" ይላሉ። የእንዶድ ሥር ለእብድ ውሻ ንክሻ ይሰጣል የሚባለውም ተነሥቶ ነበር። እዚህ ላይ ክርክር አልፈቀድኩም፦ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ያጥባል፣ በዚያው ቀን ክትባት ፍለጋ ይሄዳል። ይህ የእኛ ፈተና የሚነካው ጉዳይ አይደለም።

ጥር 25

የተዘፈዘፈው ውሃ ስንት ጊዜ ይቆያል? ታኅሣሥ ላይ የተረፈውን ክዳኑ ክፍት በሆነ ጆግ አስቀምጠነው ነበር። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሸተተ፣ ላዩ ላይ ሻገተ፣ ቀንድ አውጣ ላይ ሲሞከር ምንም አላደረገም። ልጆቹ ቅር አላቸው፤ እኔ ደስ አለኝ። ወንዝ ውስጥ ገብቶ ለወራት የሚቆይ መርዝ ከሆነ ማንም ወንዙን አያስነካንም ነበር። እንዶድ ቀንድ አውጣን በሚገድልበት መጠን ዓሣንም ይገድላልና መበስበሱ ጉዳቱን ያሳጥራል እንጂ አያስቀረውም። ዓሣ ላይ ልፈትን ያለ ልጅ ነበር። አይሆንም ተብሏል፤ የታወቀ ነገር ለማየት ዓሣ አንፈጅም።

የካቲት 6

የዓመቱ ሌላው ጥያቄዬ ይህ ነበር፤ እንቁላሉስ? እንቁላል የተለጠፈባቸውን የፌስታል ቁራጮች ቆርጠን፣ ግማሾቹን በ40 ሚሊግራም የቀዝቃዛ ዝፍዝፍ፣ ግማሾቹን በንጹሕ ውሃ አንድ ቀን አቆየን። ከዚያ ሁሉም ታጥበው በንጹሕ ውሃ ተቀመጡ።

የካቲት 16

ከሁለቱም ወገን ተፈለፈሉ። እንዶድ ከነካቸው ሙጫዎች የወጡት ግልገሎች የስፌት መርፌ ቀዳዳ ያህላሉ፣ በጥርት ባለ ቅርፊታቸው ውስጥ ልባቸው ሲመታ ይታያል። ሙጫው ጠብቋቸዋል። ትልልቁን የገደለው ውሃ እንቁላሉ ላይ ሲደርስ ኃይል የለውም።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ወንዝ ላይ መርጨት የማይበቃበት ምክንያት ባልዲያችን ውስጥ ታየ፤ ከእንቁላል የወጡት አድገው መራባት ሳይጀምሩ መድገም ያስፈልጋል፣ ያም ቢሆን ዳር ዳሩን በሣር የተሸሸጉት ይተርፋሉ። ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ጋር ቀጠሮ ይዘናል። የምንጠይቀው ጅረቱን ለማከም ፈቃድ አይደለም፤ ያ የእኛ ሥራ አይደለም። ልጆች በሚዋኙበትና ልብስ በሚታጠብበት ቦታ የቀንድ አውጣውን ብዛት በየወሩ እየቆጠርን መመዝገብ እንችል እንደሆነ ነው። ወርቅ ሠሪው ውጤቱን ሰምቷል፤ "ስለዚህ ሳይቀቀል ነው" አለና ሌላ ደንበኛ ጠራው። ከአጥሩ ላይ አዲስ ዘለላ ወጥቷል፤ የዘንድሮው ዱቄት ግን እስከ ሰኔ ይበቃናል።